በሞቴን ማን አጠፋው?

ውባለም የተሳፈረችበት ሰረገላ ከገደሉ በላይ አየር ላይ ቆም አለና በሽተኛ ለጫነ ሌላ ሰረገላ መንገድ ለቀቀ። ውባለም ከያዘችው ሳምቡሳ ቀና እንኳ አላለችም። ጥቂት ሄዶ ደግሞ ቆመ፤ አሁን የሚያልፉት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቀጥሎ የታጠበ አንሶላ ብቻ የጫነ ሰረገላ መጣና በተራው ለእሷ ቆመላት። በአፋፍ ከተማ ሰው ወደ ሥራው የሚሄደው እንዲህ ነው፤ ቆም እያለ፣ እየተገባበዘ፣ ግን ሁልጊዜ በሰዓቱ ይደርሳል።

አፋፍ በአባይ ሸለቆ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ግማሹ ሕዝብ በወዲህ ዳር፣ ግማሹ በወዲያ ዳር ይኖራል፤ በመካከል ያለው ገደል ነው። ድሮ "አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" ይባል ነበር። ዛሬ ግንዱን ለአባይ ትተው ሰዎቹ ራሳቸው ከበላዩ ሲዞሩ ይውላሉ።

ሰረገሎቹ ክንፍም ጎማም የላቸውም፤ ይንሳፈፋሉ። ሹፌርም የላቸውም፤ ከላይ ሆኖ የሚያዛቸውም የለም። ያላቸው ይሉኝታ ነው። ሁለት ሰረገሎች ሲገናኙ ሰው በማይሰማው ምልክት ማንን እንደጫኑ ይጠያየቃሉ፤ ጉዳዩ ያነሰው ለበለጠው "ይለፉ" ይልና ዳር ይይዛል። በሽተኛና ነፍሰ ጡር ከሁሉ ይቀድማሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ሙሽራ፣ ከሙሽራ ቀጥሎ ሽማግሌ፣ ከዚያ ሌላው ሕዝብ፣ በመጨረሻ ዕቃ። ይህን የሚያስበውን የሰረገላውን አንጎል ከልጅ እስከ አዋቂ "ይሉኝታው" ይለዋል። "የሰረገላዬ ይሉኝታ ታሞብኛል፣ እስቲ እዩልኝ" ብሎ ወደ ጥገና የሚመጣ ሰው ሞልቷል፤ የሚስቅበትም የለም።

ውባለም የምትሠራው ሰረገሎቹ በሚጠበቁበት በመንገድ ቤት ነው፤ ሥራዋም ይሉኝታ መጠገን። በመንገድ ቤት መግቢያ ላይ አንድ የእብነ በረድ ሰሌዳ ተለጥፏል። "ይህ የመንገድ ሥርዓት በክቡር ከንቲባ ዘገየ ማሩ ተመርቆ ሥራ ጀመረ" ይላል። ክቡር ከንቲባው በዚያ ቀን መቀስ ይዘው ሪባን ቆርጠዋል፤ ከዚያ በቀር ስለ ይሉኝታ ያደረጉት ነገር እንዳለ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ማን ሠራው ቢባል መልሱ "የመንገድ ቤት ነዋ!" ነው። ቤት በራሱ ነገር አይሠራም፤ ግን ማን ይጠይቃል? ውባለምም ጠይቃ አታውቅም።

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ ብልሽት ከጠፋ ብዙ ጊዜ ስለሆነው የመንገድ ቤት አሮጌውን ኮድ ለማጽዳት ተነሥቶ ነበር። ውባለም ስትጠርግ ስትጠርግ አንድ ቁራጭ አገኘች። ስሙ "በሞቴ" ይላል። ሳቋ መጣ። ከአጠገቡ ደግሞ "ትዕግሥት" የሚባል ቁጥር አለ፤ ለእያንዳንዱ ሰረገላ የተለያየ፣ ምንም ሥርዓት የሌለው። በመሞከሪያው አዳራሽ ሰረገሎችን አገናኝታ አየቻቸው። ሙሽራውን ከሽማግሌው፣ በሽተኛውን ከዕቃው ብታገናኝ፣ በሞቴ የሚለው ቁራጭ አንድም ጊዜ ትንፍሽ አላለም።

"የሆነ ሥራ ፈት የጻፈው ቀልድ ይመስለኛል" አለቻቸው ለአለቃዋ ለዶክተር መርዕድ።

ዶክተር መርዕድም አዩት፤ ሳቁ። "በይ አጥፊው" አሉ።

አጠፋችው። ያን ቁራጭ የሚያዳምጥ ሌላ ክፍልም ነበረ፤ እሱን ለሰኞ አቆየችው። ሰረገሎቹ ቅዳሜ ማታ ማደሪያቸው ገብተው የተጣራውን ኮድ ተቀበሉ። በማግስቱ እሑድ ነበር፤ ያውም የጥር እሑድ። የጥር እሑድ በአፋፍ ምን ማለት እንደሆነ ለአገሩ ሰው አይነገርም፤ ሰማዩ በሙሽራ ይሞላል።

ከገደሉ በላይ ንፋሱ ጋብ የሚልበት አንድ መተላለፊያ ብቻ አለ። በሁለት ቋጥኞች መካከል ስለሆነ ጠባቡ በር ይሉታል፤ ሰረገሎች የሚያልፉት አንድ በአንድ ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ እንደደረሰች፣ ከወዲህ ዳር አንዲት ሙሽራ፣ ከወዲያ ዳር አንዲት ሙሽራ፣ አበባና ሪባን ባጌጡ ሰረገሎች መጥተው እዚያ በር ላይ ግንባር ለግንባር ተገናኙ።

በመንገድ ቤት ስክሪን ላይ ውባለም ምልክታቸውን አነበበች። አንዱ "ይለፉ" አለ። ሌላው "ኧረ እርስዎ ይለፉ" አለ። "የለም፣ ይለፉ።" "እርስዎ ሳያልፉማ!" ውባለም ፈገግ አለች። ቆየችና ፈገግታዋ ጠፋ። ሁለቱ ሰረገሎች መገባበዛቸውን አላቆሙም።

ከኋላቸው አጃቢዎቹ ደረሱ። ከሙሽራ መቅደም ነውር ነውና ሁሉም ቆመ። ከአጃቢዎቹ ኋላ ገበያተኛው፣ ከገበያተኛው ኋላ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው። ወደፊት እንዳይሉ ሙሽራ አለ፤ ወደኋላ እንዳይሉ ሕዝብ። ከወዲህም ከወዲያም ሰልፉ ረዘመ፤ ያ ሁሉ ሰው ከገደሉ በላይ ተንጠለጠለ። ሰረገላ ደግሞ ከመሄድ ይልቅ መቆም ነው ባትሪውን የሚበላው።

ዶክተር መርዕድ ነጠላቸውን እንደለበሱ እየሮጡ ገቡ። ስክሪኑን አዩ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ይሉኝታውን ቁረጪው" አሉ። "ከዚህ ሆነን በትእዛዝ እንነዳቸዋለን።"

"ዶክተር፣ እነዚህ በትእዛዝ ተነድተው አያውቁም። ከበሩ ውጭ ንፋስ አለ። ቢላተሙስ?"

"ባትሪው ካለቀስ? አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረበ ገደል መግባቱ ነው። ፀሐይዋ ከቋጥኙ ጀርባ እስክትዞር ነው የምጠብቅሽ። ከዛሬ ወዲያ ደግሞ ይሉኝታ የሚባል ነገር ከዚህች ከተማ ይውጣ። በይሉኝታ ሰው ይጎዳል እንጂ ማን ይጠቀማል!"

ውባለም ወደ ስክሪኑ ዞረች። የሰዎቹን ድምፅ ለመስማት የሁለቱን ሰረገሎች ማይክሮፎን ከፈተች። ምነው ባልከፈተችው።

"እኛ ነን ቀድመን የደረስነው!" ይላል የወዲህኛው ሚዜ።

"የእኛ ሙሽራ ለማንም መንገድ አትለቅም! ዞር በሉ!" ይላል የወዲያኛው።

"ማን ነው ዞር የሚለው? አንተ ነህ እኛን ዞር በሉ የምትለው?"

ሰረገሎቹ እርስ በርስ ይለማመጣሉ፤ በውስጣቸው ያሉት ሰዎች ሊደባደቡ ደርሰዋል። ውባለም ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ለጓደኞቿ እያወራች ትስቅበት ነበር። አሁን ግን አልሳቀችም፤ ምክንያቱም የምታውቃትን አንዲት ነገር ለራሷ መካድ አልቻለችም፤ ይህ የመጣው ከትናንት በኋላ ነው።

በጫጫታው መካከል አንድ የሽማግሌ ድምፅ ወጣ። "የመንገድ ቤት! የመንገድ ቤት! ትሰሙኛላችሁ? በሞቴን ማን አጠፋው?"

ውባለም ክው አለች። "ማን ልበል?" አለች እንደምንም።

"ይርዳው እባላለሁ። ከወዲህ ዳር የመጣችው ሙሽራ የሶስና አጎት ነኝ። ይሉኝታውን የሠራሁት እኔ ነኝ።"

ዶክተር መርዕድ ግንባራቸውን ያዙ። "ወይ ጣጣ! ሰውየው ናቸው። በየዓመቱ 'ይሉኝታን የሠራሁት እኔ ነኝ' የሚል ማመልከቻ ይዘው የሚመጡት። መዝገብ ቤት ያሉት ልጆች 'ባለ ይሉኝታው መጡ' እያሉ ይሳሳቃሉ። ተዪያቸው፣ ጊዜ የለንም።"

"ዶክተር" አለች ውባለም ቀስ ብላ፣ "በሞቴ የሚለውን ቁራጭ እኔና እርስዎ ብቻ ነን ያየነው። መመሪያው ላይ የለም። ከእኛ በፊት የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው።"

ዶክተሩ ወደ ድምፅ ማጉያው ጠጋ አሉ።

"ጋሽ ይርዳው" አለች ውባለም፣ "ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጥቅሙ አልገባኝም።"

ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ የመጣው ግን የደከመ ድምፅ ነው። "ልጄ፣ ሁለት እኩያሞች በር ላይ ሲገናኙ አይተሽ አታውቂም? 'ይግቡ'፣ 'ኧረ እርስዎ ይግቡ'። አንደኛው በሞቴ ባይል እዚያው ይመሽባቸው ነበር። ሰረገሎቹም ያው ናቸው። ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚገባበዙ አታውቂም። ትዕግሥቱ ቀድሞ ያለቀው በሞቴ ይላል፤ በሞቴ የተባለ ደግሞ እንቢ ማለት አይችልም፤ ያልፋል። ትዕግሥታቸውን ያለያየሁት ሁለቱም እኩል በሞቴ ብለው እንደገና እንዳይቸገሩ ነው።"

ውባለም በሞከረችበት አዳራሽ እኩያን ከእኩያ አገናኝታ እንዳላየች አሁን ትዝ አላት። አንገቷን ደፋች።

"ምነው ሰው ጠይቄ ቢሆን!" አለች።

"ማንን ልትጠይቂ? የሚጠየቀው ሰው ስሙ የት ተጻፈና?"

ይህ ቃል ዶክተር መርዕድንም ወጋቸው፤ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"አሁን መልሼ ላስገባው?"

"አይቻልም። ሰው ጭነው አየር ላይ እያሉ ኮድ አይቀበሉም። ለደኅንነት ብዬ እኔው ነኝ የከለከልኳቸው።" አቶ ይርዳው ተነፈሱ። በራሳቸው ብልሃት ታስረው ተቀምጠዋል።

ያኔ ነው ውባለም ከእሳቸው ኋላ ራቅ ብሎ የአንዲት ሴት ድምፅ የሰማችው። ድምፁ የተረጋጋ ነው፤ የሚያወራውም ለአቶ ይርዳው ነው። "አንተ ሰው፣ እኛ አፍ የለንም እንዴ? እነሱ ካልቻሉ እኛ እንበልላቸዋ።"

"ቆይ! ቆይ ልጄ!" አሉ አቶ ይርዳው ወዲያው፣ ድምፃቸው ነፍስ ዘርቶ። "አንድ ሐሳብ መጣልኝ! የማዳመጫውንስ ክፍል አጥፍተሽዋል?"

"ለሰኞ ነው ያቆየሁት።"

"ተመስገን! አንደበቱን ብትወስጂባቸውም ጆሯቸው አለ ማለት ነው። ሰረገላ የተሳፋሪውን ቃል ይሰማል፤ ፊት ለፊቱ ላለውም ያቀብላል። ስለዚህ ሰው በአፉ ይበለው!"

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አለች ውባለም በልቧ። "እኔ ከዚህ ልበለው?"

"ከላይ የመጣ በሞቴ ትእዛዝ ነው፤ አይሰሙሽም። እኩያ ለእኩያው ሲለው ነው የሚይዘው። የምትለው ሙሽራይቱ ናት።"

በሰረገላው ውስጥ ይህ ሲሰማ ጫጫታው እንደገና ፈነዳ። ከሁሉም የበረታው የአክስት ድምፅ ነው። "ሙሽራ መንገድ ለቀቀች ማለት ዕድሏን ለቀቀች ማለት ነው! እኔ በቁሜ አይደረግም! እነሱ ይበሉ!" በወዲያኛው ሰረገላም ሌላ አክስት ቃል በቃል ይህንኑ ትላለች። ለካ አክስቶችም እኩያ ናቸው።

ስክሪኑ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሰረገሎች ቀይ መብራት አበሩ። ከወዲያኛው ሰልፍ አንዱ ሰረገላ ከተርታው ወረድ አለ፤ በውስጡ ያሉት ሰዎች ሲጮሁ ተሰማ። ፀሐይዋም ከቋጥኙ ጫፍ ደርሳለች።

"በቃ፣ ቁረጪው" አሉ ዶክተር መርዕድ፤ እሷ ዝም ስትል እጃቸውን ራሳቸው ወደ መቁረጫው ሰደዱ።

ውባለም እጃቸው ላይ እጇን አሳረፈች። ስታስበው እንኳ አልነበረም፣ ቃሉ ራሱ ከአፏ ወጣ። "ትንሽ ይታገሱኝ ዶክተር። በሞቴ።"

ዶክተር መርዕድ አዩዋት። የተማሩ ሰው ናቸው፣ አለቃ ናቸው፣ የፈሩ ሰው ናቸው። ግን በሞቴ ተብለው እጃቸውን የሚያስረዝሙ ሰው አልነበሩም። ሰበሰቡት።

በማይክሮፎኑ ያቺ የሴት ድምፅ እንደገና ተሰማች፤ አሁን ከሙሽራዋ አጠገብ ናት። "ሶስናዬ፣ ዕድልን በር ላይ ቀድሞ የገባ አይወስደውም። ትዳር ማለትኮ ዕድሜ ልክ በር ላይ መገባበዝ ነው። ዛሬ ካልጀመርሽው መቼ ልትጀምሪው ነው?"

ከዚያ አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ ልቅሶ የያዛት፣ "እህቴ" አለች። "ስምሽን አላውቀውም። በሞቴ፣ እለፊ!"

ሰረገላው ሰማ፤ አቀበለ። የወዲያኛው ሰረገላ በሞቴ ተብሏልና እንቢ ማለት አልቻለም፤ ንቅንቅ አለ፤ በሩን አለፈ። የሶስና ሰረገላ ቀጠለ። ከኋላ ያለው ሰልፍ እንደተተረተረ ክር ተፈታ፤ አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ። ሁለቱ ሙሽሮች ጎን ለጎን ሲተላለፉ "ስሜ ናርዶስ ነው! እግዜር ያክብርልኝ እህቴ!" የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ እልልታው የመንገድ ቤቱን ድምፅ ማጉያ ሰነጠቀው። እልልታውን የጀመሩት ሁለቱ አክስቶች ናቸው ይባላል።

ዶክተር መርዕድ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ውባለም አለቀሰች፤ አላፈረችም።

በሳምንቱ የመንገድ ቤት መግለጫ ተረቀቀ። "የመንገድ ቤቱ ባለሙያዎች ባደረጉት ርብርብ ችግሩ በአጭር ጊዜ ተፈቷል" ይላል። ውባለም ረቂቁን ይዛ ወደ ዶክተር መርዕድ ገባች።

"ዶክተር፣ ውሸት አይደለም። ግን ስም የለውም። ስም ስላልነበረው እኮ ነው ያጠፋሁት። በሞቴ ከሚለው ቁራጭ ጎን አንድ ሰው ስሙን ጽፎ ቢሆን ኖሮ ደውዬ እጠይቀው ነበር።"

ዶክተሩ ረቂቁን አገላበጡት። "እኔ ወደዚህ ቤት ስመጣ ሥራው አልቆ፣ ሪባኑ ተቆርጦ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "የሠሩት ልጆች ተበትነዋል፤ የቀረው ሰሌዳው ነው። የእሳቸው ማመልከቻ በመጣ ቁጥር 'ለሚመለከተው' ብዬ እመራው ነበር። ለካ የሚመለከተው እኔን ነው።" መግለጫውን ቀደዱት። ሰሌዳው እንዲነሣ፣ አዲስ ሰሌዳ እንዲቀረጽም ያን ዕለት አዘዙ።

በቀጠሮው ቀን ቀራጩ አዲሱን እብነ በረድ በሩ ላይ አቁሞ መሮውን ይዞ ይጠብቃል፤ የሚጻፈውን ባለቤቱ ራሱ ይንገረኝ ብሏል። አቶ ይርዳው ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። ለዚች ቀን ብለው በጉልምስናቸው ያሰፉት ነው፤ አሁን ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል። ከጎናቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ አሉ፤ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት የነበሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴት።

"እንግዲህ" አሉ ዶክተር መርዕድ፣ "በመጀመሪያ ይቅርታ፤ ቀጥሎ ምስጋና። እነዚያ ሰዎች ሁሉ ቤታቸው የገቡት በእርስዎ ነው። ልጆቼ በየቀኑ በደኅና የሚገቡትም በእርስዎ ነው። እስከ ዛሬ አላመሰገንኩዎትም።"

አቶ ይርዳው የዶክተሩን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ውባለም ደስ አላት። ግን አንዲት ነገር ከዚያ ቀን ጀምራ ስትከነክናት ነበር፤ ወይዘሮ ትርንጎ "እንደምን አደራችሁ" ሲሉ ደግሞ ድምፁን አወቀችው።

"ጋሽ ይርዳው" አለች፣ "ያን ዕለት 'እኛ አፍ የለንም እንዴ' ያለው ማን ነበር?"

"እሱማ እኔ ..." ብለው ጀመሩ አቶ ይርዳው። ከዚያ ቆሙ። ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ወይዘሮ ትርንጎ ወደ ሰማይ፣ ወደሚያልፉት ሰረገሎች አንጋጠው ያያሉ፤ እንዳልሰማ ሰው።

አቶ ይርዳው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ሙሉ ልብሱ አቧራ ነካ፤ ግድ አልሰጣቸውም።

"እሷ ናት" አሉ። ቀጥለውም፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "የመጀመሪያውም የእሷ ነው። ወጣት እያለን እቤት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ትንንሽ ሰረገሎች ሠርቼ ነበር፤ የመጫወቻ ያህል። ተገናኝተው 'ይለፉ' 'ይለፉ' እየተባባሉ ተገትረው ቀሩብኝ። መላ ጠፍቶኝ ራሴን ይዤ ተቀምጫለሁ። እሷ ከሥራ ገባች፤ አየቻቸው። 'ምነው፣ አንደኛው በሞቴ አይልም እንዴ?' ብላ ነጠላዋን ልታስቀምጥ ወደ ጓዳ አለፈች። ያን ዕለት ጻፍኩት።"

ቀራጩ መሮውን ወደ ታች ዝቅ አደረገ።

"በየዓመቱ አመለከትኩ" አሉ አቶ ይርዳው። "በሁሉም ማመልከቻ ላይ 'የእኔ ሐሳብ'፣ 'የእኔ ፈጠራ' ብዬ ጽፌአለሁ። አንድም ቦታ ላይ ስሟ የለም። ማመልከቻዎቹን ከመሄዴ በፊት እያነበበች የምታርምልኝ እሷ ነበረች። ሲረሱኝ ያቃጠለኝን ያህል፣ እኔ እሷን ስረሳት አልተሰማኝም። ከንቲባውን ስረግም ኖሬ፣ ለካ እኔም የቤቴ ከንቲባ ነበርኩ።"

ወይዘሮ ትርንጎ ዓይናቸውን ከሰማዩ መለሱ። "ተው እንጂ። እኔ ስሜን መች ፈለግሁ።"

"ትርንጎ፣ አትዋሺ።"

ትንሽ አሰቡ። "እሺ" አሉ፣ "ትንሽ ፈልጌ ነበር።" ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን ሞልቷል። አቶ ይርዳው የሚስታቸውን እጅ ስመው ግንባራቸው ላይ አደረጉት።

ውባለም ቆማ ስታያቸው አንድ ነገር ተሰማት። በሰሌዳው ላይ የነበረው ከንቲባ ሠሪውን ሸፍኖ ነበር፤ ሠሪው ደግሞ ከኋላው ያለችውን። ወይዘሮ ትርንጎስ ቃሉን ከማን ሰሙት? ከእናታቸው፣ ከጎረቤት፣ ጥንት ዝናብ እየዘነበባቸው በር ላይ ሲገባበዙ ከኖሩ ስም የለሽ ሰዎች። ሰረገሎቹ ከእኛ የወሰዱት ብልሃት አይደለም፣ ውለታ ነው፤ ውለታ ደግሞ ወደኋላ ሲቆጠር መጨረሻ የለውም። ይህ የሚያሳዝናት መስሏት ነበር፤ ግን አላሳዘናትም። በብዙ ሰው እጅ ተይዛ እንደምትኖር ተሰማትና ደስ አላት።

ቀራጩ የጻፈው እንዲህ ነው፤ "ይሉኝታን ይርዳው ወንድምአገኘሁ ሠሩት። በሞቴን ትርንጎ ገላው ጨመሩበት። ከእነሱ በፊት በር ላይ ለቆሙት ሁሉ ምስጋና ይድረሳቸው።" ውባለም ደግሞ በኮዱ ውስጥ ቁራጩን ወደ ቦታው ስትመልስ ከጎኑ ሁለቱንም ስሞች ጻፈች፤ ከሥሩም የራሷን ስልክ፣ ማጥፋት የሚያምረው ሰው መጀመሪያ እንዲደውል።

ቅርጹ አልቆ "በሉ ግቡ፣ ቁርስ ቀርቧል" ተባለ። ዶክተር መርዕድ በሩን ከፍተው ቆሙ።

"ይግቡ ጋሽ ይርዳው።"

"ኧረ ዶክተር፣ ቤቱ የእርስዎ፤ እርስዎ ይግቡ።"

"ዛሬማ ቀኑ የእርስዎ ነው! ይግቡ እንጂ።"

"እርስዎ ቆመው? አላደርገውም።"

"ውባለም፣ አንቺ ግቢ እስቲ።"

"እኔ? በእናንተ ፊት?"

ተገትረው ቀሩ። ቁርስ የሚጠብቁ ሠራተኞች ከኋላ ተሰለፉ። ወይዘሮ ትርንጎ ዙሪያውን ቃኙ፣ ተነፈሱ፣ እንደ ልማዳቸው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አቶ ይርዳው ቀደሟቸው።

"ዛሬ እኔ ልበለው" አሉ። "ትርንጎ፣ በሞቴ፣ ቅደሚ።"

ወይዘሮ ትርንጎ ባላቸውን አዩ። በሞቴ የተባለ እንቢ ማለት አይችልም፤ ነጠላቸውን አስተካከሉና ከሁሉም ፊት ገቡ።